አያ ስንሻውና የጾም ሳህኖች

ለወራት ሲሳካላችሁ የቆየ ሥራ አንድ ቀን ተነሥቶ እምቢ ብሏችሁ ያውቃል? ሰውም ዕቃም ቦታም አልተለወጠም፤ ውጤቱ ብቻ ሌላ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ማንን ነው? እኔ ዕቃውን ነበር። "ምንም አልለወጥኩም" የምትለዋን እኔን እንድጠረጥር ያስተማሩኝ ሰው ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ላይ ዐረፉ።

መርዶውን የነገረችኝ ልጃቸው ናት። እኔ አሁን የማስተምረው መራዊ ነው። ከክፍል ስወጣ ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩን አላውቀውም።

"መምህርት ነሽ? የአያ ስንሻው ልጅ ነኝ" አለችኝ። "አባባ ዐረፈ። ቀብሩም አለፈ። ቁጥርሽን ያገኘነው ገና ዛሬ ነው፤ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ፣ ከሳሙና ጋር ተጣብቆ።" ቀጥላም፣ ማልቀስ ይሁን መሣቅ ባልለየሁት ድምፅ፣ "ሳሙናው ለምን እንደሆነ መቼም አንቺ ታውቂያለሽ" አለች።

አውቃለሁ። ለእናንተም በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። በቅደም ተከተል ካልሆነ መናገር አይሆንልኝም፤ አያ ስንሻውም በዚህ ብዙ ሥቀውብኛል።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት ፍኖተ ሰላም፣ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ፣ የብረታ ብረት ክፍል መምህርት ሆኜ ነው። አያ ስንሻው የዚያው ክፍል የወርክሾፕ አሠልጣኝ ነበሩ። ቀጭን፣ ወደ ሃምሳው የተጠጉ፣ ሥራውን ቡሬ ጋራዥ ውስጥ የተማሩ፣ ዲፕሎማ የሚጠየቅበት ዘመን ሳይመጣ የተቀጠሩ ሰው ናቸው። በጋም ክረምትም አንድ ካኪ ካፖርት ይለብሳሉ፤ በቀኝ ኪሱ ቁራጭ የልብስ ሳሙና አይጠፋም። ዝናብ ሲመታቸው ኪሳቸው ዐረፋ ይደፍቅ ነበር። ተማሪዎች ሲሥቁ፣ "ምን ያሥቃችኋል? ልብሱን ለብሶ የሚያጥብ ሌላ ሰው አይታችኋል?" ይሏቸዋል።

በመጀመሪያው ሳምንቴ ስለ ሙቀት መተላለፍ አስተማርኩ። ሰሌዳውን በሦስት ከፈልኩት፦ በንክኪ፣ በፍሰት፣ በጨረር። አያ ስንሻው የኋላ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ደግ ነው የነገርሻቸው፣ እታለም" አሉኝ ስንወጣ። "እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሙቀቱ ኸአንዱ ብረት ወደ ሌላው ሲሻገር በሩ የት ነው?"

"በር የለውም። ከተነካኩ ይሻገራል።"

"ተነካኩ ያልሻቸው ሁሉ ተነካክተዋል?"

"ይመስለኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"እኔና እሱ ነገር ገና በደንብ አልተገናኘንም" አሉና ሄዱ።

"አላውቅም" ማለት ሲፈልጉ የሚሉት ይህንን ነበር። ስለ ኮምፒውተር ሲጠየቁ፣ "ገና አልተገናኘንም።" ስለ አዲሱ የካይዘን ቅጽ ሲጠየቁ ደግሞ፣ "አይቼዋለሁ፤ ሰላምታ ግን የለንም።"

ጥያቄያቸው ያን ቀን አልገባኝም። ዛሬ በሁለት ደቂቃ አስረዳዋለሁ። በእጃችሁ ስትዳብሱት ለስላሳ የሆነ ብረት፣ በጣም ቀርባችሁ ብታዩት የታረሰ ማሳ ነው፤ ፈርና ጉብታ አለው። ሁለት ማሳዎች ፊት ለፊት ቢደፉ የሚነካካው ጉብታ ከጉብታ ብቻ ነው፤ በቀረው ቦታ አየር አለ፣ ሙቀት ደግሞ አየርን ማቋረጥ ይከብደዋል። ሁለቱን አጥብቆ የሚጫናቸው ሲመጣ ጉብታዎቹ ይጨፈለቃሉ፣ የሚነካካው ቦታ ይሰፋል፣ ሙቀቱም ይሮጣል። በመካከላቸው ሌላ ነገር ከገባ ጉዞው እንደ ገባው ነገር ዐይነትና ውፍረት ይወሰናል። ይህ ሁሉ መጽሐፌ ውስጥ ነበረ። አንብቤዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ።

በወርክሾፑ ማእዘን አያ ስንሻው በእጃቸው የሠሩት መጭመቂያ ቆሞ ነበር። ፍሬሙ ከአሮጌ ጭነት መኪና የተቆረጠ ብረት ነው፤ የሚጫነው የጭነት መኪና ክሪክ ነው። ከታች ሴቴው ተቀምጧል፤ መሐሉ በሳህን ቅርጽ የተቦረቦረ ወፍራም ብረት። ከላይ ወንዴው ይወርዳል፤ በዚያ ጉድጓድ ልክ የተሞረደ ጉብ ያለ ብረት። ክብ ሆኖ የተቆረጠ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ሴቴው ከንፈር ላይ ይዘረጋል፣ ወንዴው መሐሉን ይዞ ይወርዳል፣ ጠርዙ እየተንሸራተተ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ ሳህን ሆነ ማለት ነው።

ቆርቆሮው ከአሮጌ አውቶቡሶች ጎን የተገፈፈ ስለሆነ ደረቅ ነው፤ ሳይሞቅ ከተጫነ ይሰነጠቃል። ማሞቁም የራሱ ጣጣ አለው። ብረት ሲሞቅ ቀልቶ ያስጠነቅቃችኋል። አሉሚኒየም መልኩን ሳይለውጥ ይቆይና ድንገት ቀልጦ ይፈስሳል። ሳሙናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አያ ስንሻው ቆርቆሮው ላይ በሳሙና አንድ መስመር ያሰምሩና ከሰሉ ላይ ያደርጉታል። መስመሩ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡኒ ይሆናል፤ ሲጠቁር ቆርቆሮው ለስልሷል። በጉጠት ያወጡትና "በስመ አብ" ብለው ይጀምራሉ፤ "አሜን" ሳይሉ ክሪኩ መጫን አለበት። "ኸአሜን በኋላ አይታዘዝም" ይላሉ። ሰዓት ይዤ ለካኋቸው፤ ሁልጊዜ እኩል ነበሩ።

የሴቴው ከንፈር፣ የቆርቆሮው ጠርዝ የሚያርፍበት ዙሪያ፣ የበሬ ሞራ ይቀባ ነበር። ጠርዙ እንዲንሸራተት ነው ብዬ ለተማሪዎቼ አስረዳሁ። አያ ስንሻውም እንደዚያው ያምኑ ነበር። በዚህ አሠራር ለወራት ሳህን ወጣ፤ አንድም አልተቀደደም።

በዚያው ዓመት መመሪያ መጣ። ዲፕሎማ የሌለው አሠልጣኝ የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ተማሪ ፊት አይቆምም፣ ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራል። የአያ ስንሻው ምዘና ለዐቢይ ጾም አጋማሽ ተቆረጠ። በመዛኙ ፊት ሦስት ቆርቆሮ ተሰጥቷቸው ሦስት ጤነኛ ሳህን ያወጣሉ፣ ለጥያቄም መልስ ይሰጣሉ። ዲኑ "አንቺ አዘጋጂያቸው" አለኝ።

ነገሩን ቀለል አድርገው የያዙት መስሎኝ ነበር። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ከጎኔ ተቀምጠው፣ "መጋዘን መጥፎ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፣ እታለም" አሉ። "ግን እዚያ ያለው ብረት ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። እነዚህ ልጆች ሲጠይቁኝ ነው ጧት የምነሣው። ቁልፍ ይዤ ስዞር ይታይሻል?" ይቀልዳሉ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም።

በዚያን ጊዜ የምንሠራቸው ሳህኖች የታዘዙት ቡሬ ባለ አንድ ማኅበር ነበር። ማኅበርተኞቹ በአንዲት የገጠር ማርያም ለሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ሊሰጧቸው ነው። ጾሙ ሊገባ ሰሞን የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ይታይሽ ሥራውን ሊያዩ መጡ። ሳህኖቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አመሰገኑ። ከዚያ ዐይናቸው መጭመቂያው ሥር ካለው ጣሳ ላይ ዐረፈ።

"ይኼ ነጩ ምንድን ነው፣ አያ ስንሻው?"

"ሞራ ነው፣ እትዬ ይታይሽ።"

"የምን ሞራ?"

"የበሬ ነዋ። የሌላ ኸየት አመጣለሁ?"

"ለጾም ሳህን? ለቆሎ ተማሪ?"

"ይታጠባል እኮ።"

"እርስዎ ይበሉበታል? እውነቱን ይንገሩኝ። በሑዳዴ፣ በሞራ በተሠራ ሳህን ሽሮ ቢቀርብልዎ ይበላሉ?"

አያ ስንሻው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "አልበላም" አሉ።

"እንግዲያውስ!" አሉ ወይዘሮ ይታይሽ፣ ወደ እኔም ዞረው። "አንቺ ደግሞ ተምረሻል ይሉሻል።"

የተሠሩት በአመድና በፈላ ውኃ ታጥበው ለፋሲካ እንዲቀመጡ፣ ለጾሙ የሚሆኑት በኑግ ዘይት እንዲሠሩ ተስማሙ። እኔም ቀላል ነገር መስሎኝ አዲስ ጠርሙስ ዘይት ገዛሁ።

የጾሙ መጀመሪያ ሰኞ የመጀመሪያው ሳህን ተቀደደ። ክሪኩ ግማሽ እንደወረደ "ጧ!" አለና፣ ታቹ ከግድግዳው የሚገናኝበት ትከሻው ላይ ጨረቃ መስሎ ተከፈተ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛውን ዘይት አብዝተን ሞከርነው፤ ባሰበት።

ደብተሬን አወጣሁና ተጠርጣሪዎቹን በዓምድ አሰለፍኩ። አንደኛ፣ ቆርቆሮው፤ ምናልባት ከሌላ አውቶቡስ ነው። ሁለተኛ፣ ምድጃው። ሦስተኛ፣ ክሪኩ።

"እታለም" አሉ አያ ስንሻው፣ "ለመተንፈስም ዝርዝር አለሽ?"

"ምክንያት መኖር አለበት። እኛ ምንም አልለወጥንም።"

"ሞራውን ለውጠናል።"

"እሱ ማለስለሻ ነው። ዘይቱ ከሞራው የበለጠ ያንሸራትታል" ብዬ በሁለት ጣቴ መካከል አሽቼ አሳየኋቸው።

ጣቴን አዩ፣ የተቀደደውን ሳህንም አዩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆርቆሮ ቀየርን፣ ከሰል ቀየርን፣ ክሪኩን ፈትተን አጠብን። ሳህኖቹ መቀደዳቸውን ቀጠሉ። ምዘናው ሳምንት ሲቀረው ጨነቀኝ፤ በሩን ዘግቼ እንዲህ አልኳቸው፦

"ለምዘናው ቀን ብቻ ሞራ ይቀቡ። ሦስት ሳህን ናት። መዛኙ አይቶ ይሄዳል፤ ማንም አይበላባቸውም። ወይዘሮ ይታይሽም አይሰሙም።"

"እሱስ ልክ ነሽ፣ አይሰሙም" አሉ። "መዛኙ ሦስቱን አይቶ ይሄዳል። በማግሥቱ ልጆቹ በዘይት ሲሠሩ አራተኛውን ይቀድዱታል፣ አምስተኛውንም ይቀድዱታል። 'ለምን?' ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ወረቀት ይዤ 'ገና አልተገናኘንም' ልበል?"

በነጋታው ጧት ወርክሾፑ ስገባ አያ ስንሻው መጭመቂያው ላይ ጎንበስ ብለው፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው፣ የሴቴውን ከንፈር በሁለት መዳፋቸው ይዘውታል። አጠገባቸው ሁለት ቁርጥራጭ ቆርቆሮዎች አሉ።

"ነይ፣ እጅሽን አምጪ። እነዚህ ለማንም ሳህን አይሆኑም፤ ለጥያቄ ናቸው።"

የመጀመሪያውን በሞራ ተጫኑት። ቆርቆሮው እንደወጣ ከንፈሩን ነካሁት፤ ለብ ብሏል። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ ሞራውን በጨርቅ ሙልጭ አድርገው ጠርገው፣ ዘይት ቀብተው ሁለተኛውን ተጫኑ። ያንኑ ቦታ ስነካው እጄን መንጭቄ አነሣሁ።

"ቆርቆሮው አንድ፣ ሳሙናው እኩል ጠቁሯል፣ በስመ አቡም አንድ ነው" አሉ። "ሴቴው ለምን ሞቀ?"

"ሙቀቱን ከቆርቆሮው ወስዶ ነዋ።"

"እኮ! የተወሰደበትስ ምን ሆነ?"

መልሱ ከአፌ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም ነገር ዐይኔ ላይ ተሰለፈ። ሞራው ረግቶ ወፍራም ሽፋን ይሆናል፤ ትኩሱ ቆርቆሮ ሲያርፍበት ሙቀቱ ቶሎ አያልፍም። ዘይቱ ቀጭን ስለሆነ ክሪኩ ሲጫን ከመካከል ተጨምቆ ይወጣል፤ ጉብታ ከጉብታ ይገናኛል፣ ቀዝቃዛው ወፍራም ብረትም የጠርዙን ሙቀት በአንድ ትንፋሽ ይጠጣዋል። የቀዘቀዘ ጠርዝ ይጠነክራል፤ ወደ ጉድጓዱ አልገባም ይላል። ወንዴው ግን መውረዱን አይተውም። መሐሉ ብቻውን ይሳባል፣ ይሳሳል፣ ትከሻው ላይ ይቀደዳል።

"ሞራው ማለስለሻ ብቻ አልነበረም" አልኩ።

"ጋቢ ነበር፣ እታለም። ጋቢውን ገፈን ነው ልጁን ብርድ ላይ ያስተኛነው።"

ደስ ብሎኝ ልጮኽ ስል የመምህርነቴ አመል ያዘኝ። "ቆይ፤ ገና አልተረጋገጠም" አልኩ። "የመንሸራተቱ ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ሴቴውን ራሱን እናሙቀውና በዘይት እንጫን። ጥፋቱ የመንሸራተት ከሆነ አሁንም ይቀደዳል። የሙቀት ከሆነ ግን የሞቀ ከንፈር ጠርዙን አያቀዘቅዘውም።"

ትኩር ብለው አዩኝ። "ይኼ ነው ጥያቄ ማለት!" አሉ። ከሰል አምጥተን ከንፈሩ ዙሪያ ደረደርን፣ ሲሞቅ ጠርገን፣ በዚያው በኑግ ዘይት ተጫንን። ሳህኑ ጭረት እንኳ ሳይነካው ወጣ። አያ ስንሻው እስኪቀዘቅዝ በትዕግሥት ጠበቁ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳህኑን ራሳቸው ላይ ደፉና ወርክሾፑን በቀስታ፣ እንደ ሹም፣ አንድ ዙር ዞሩት።

ለእያንዳንዱ ሳህን ሴቴውን ማሞቅ ግን ከሰል ይጨርሳል። ጾመኛ ጋቢ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ወርደው፣ ጧፍ ከሚሠሩ ሰዎች እንጐቻ የሚያህል ሰም ይዘው ተመለሱ። ከንፈሩን በሰም አሹት፤ በላዩ የተነፋ አመድ ነሰነሱ። አመዱ ሰሙ ተጨምቆ እንዳያልቅ ይዞ ያስቀረዋል ብለው ነው። የመጀመሪያው ሳህን በደኅና ወጣ። አሥረኛውም በደኅና ወጣ። ወርክሾፑ የቅዳሴ ማግሥት መሰለ፤ የጧፍ ሽታ አወደው። ወይዘሮ ይታይሽ መጥተው አንዱን ሳህን አሸተቱና፣ "ይኸዋ! ዱሮውንስ ምን ቸገራችሁ?" አሉ።

ለምዘናው አንድ ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቼላቸው ነበር። "ሰሙ የሚቀባው በቆርቆሮውና በመሣሪያው መካከል ያለውን የሙቀት መተላለፍ ለመቀነስ ነው።" ደጋግመን አጠናነው።

መዛኙ ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ፣ ቅጹን የቆነጠጠ ሰሌዳ። ሦስቱን ቆርቆሮዎች ቆጥሮ አስረከባቸው። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜያለሁ፤ መናገር አይፈቀድልኝም። የመጀመሪያው ሳህን ጤነኛ ወጣ። ሁለተኛውም። መዛኙ ምልክት አደረገና ቀና አለ።

"አባት፣ ጠርዙን ሰም የሚቀቡት ለምንድን ነው?"

ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ዐረፍተ ነገሩን በልቤ እላለሁ። አያ ስንሻው አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጁን አዩት፤ መልሰው ዘጉት።

"እጅዎን ይስጡኝ፣ ጌታዬ" አሉ።

ወስደው የሴቴውን ከንፈር አስነኩት። "ለብ ያለ ነው" አለ። "ልብ ይበሉት" አሉና ጨርቅ አንሥተው ሰሙን መጥረግ ጀመሩ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባኝ። የቀረው ቆርቆሮ አንድ ነው።

"አያ ስንሻው!"

"መምህርት፣ እባክዎ" አለ መዛኙ።

ዘይት ቀቡ። በሳሙና አሰመሩ። መስመሩ ጠቆረ። "በስመ አብ ወወልድ…" ክሪኩ ወረደ። "ጧ!"

"አሁን ይንኩት።"

መዛኙ ነካና እጁን መነጨቀ፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር መምህራን የምናውቀው ነው፤ ለዚያ ስንል ነው የምናስተምረው። ሰሌዳውን ወንበር ላይ ጥሎ ጎንበስ አለ፤ ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀ፤ ሌላም ጠየቀ። ሁለቱ በተቀደደው ሳህን ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተመለሰና ቅጹን አተኩሮ አየው።

"አባት፣ ሦስት ነው የሚለው" አለ በዝግታ።

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

"ሦስተኛው ተቀዷል።"

"እኔ ነኝ የቀደድኩት።"

"ቅጹ ማን እንደቀደደው አይጠይቅም።"

ውጤቱ "ገና ብቁ አይደለም" የሚል ነበር። ልጁ ከመሄዱ በፊት ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ መጭመቂያውን አየ።

ተናደድኩባቸው። እውነቱን ለመናገር ጮኽኩባቸው። "ዐረፍተ ነገሩን ሰጥቼዎት ነበር! ስንት ጊዜ አጥንተነው!"

"ዐውቀዋለሁ እኮ። ልበልልሽ?" አሉና አንዲት ቃል ሳይስቱ አሉት።

"ታዲያ ለምን አላሉትም?"

"ጠየቀኛ!" አሉ፣ ግራ እንደተጋባ ሰው። "ለምን ብሎ ጠየቀኝ፣ እታለም። ዐይኑን አይቼዋለሁ፤ የምር ነው የጠየቀው።"

ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ መጋዘን ገቡ። ቁልፍ ይዘው ዞሩ። ተማሪዎች ለአንድ ብሎን በሦስት በሦስት እየሆኑ ይሄዱባቸው ነበር፤ ብሎኑን ለመውሰድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ሲመለሱ አንድ አዲስ ነገር አውቀው ነው የሚመጡት፤ እኔም አልቆጣም።

ከክረምቱ በኋላ ሁለተኛው ምዘና መጣ። ሌላ መዛኝ፣ ሌላ ሦስት ቆርቆሮ። ሦስት ሳህን አወጡ፤ አንዱም አልተቀደደም። ያው ጥያቄ ተጠየቁ። አያ ስንሻው ቀጥ ብለው ቆመው ዐረፍተ ነገሬን አሉለት። መዛኙ ቀና ሳይል ምልክት አደረገ። "ብቁ።"

ተማሪዎቹ በጭብጨባ ወርክሾፑን አናወጡት። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው መጭመቂያው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሴቴውን በጨርቅ ያብሳሉ።

"አለፉ እኮ! ምነው ዝም አሉ?"

"አለፍኩ። ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ይስጥሽ" አሉ። ማበሳቸውን አላቆሙም። "እንዲያው ይኼኛው ልጅ በእጁ ሳይነካው ሄደ።"

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከልጆቹ ጋር ነበሩ። ስንት ተማሪ በእጁ ያንን ከንፈር እንደነካ አላውቅም፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ጋራዦች ስገባ ግን ብረት ከመጫናቸው በፊት መዳፋቸውን የሚያሳርፉ ወጣቶች አያለሁ።

ልጃቸው ከደወለችልኝ ቀን ጀምሮ ይህን ስጽፍ ሰነበትኩ። አንብቤው ሳበቃ፣ እኔም ለእናንተ ዐረፍተ ነገር ብቻ እንደሰጠኋችሁ ገባኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የቆርቆሮ ኩባያ ፈልጉ። ሙቅ ውኃ ሙሉት፤ የፈላ አይሁን፣ ለመጠጣት የሚመች ትኩስ ይበቃል። በአንድ ጣታችሁ ጎኑን ለመንካት ያህል ብቻ ንኩት፤ እስከ ሦስት ቁጠሩ። ከዚያ እዚያው ጎኑ ላይ ጣታችሁን ጫን በሉት፤ እንደገና ቁጠሩ። ልዩነቱን ጣታችሁ ይነግራችኋል። በሌላው ጎኑ የሻማ ሰም ወፈር አድርጋችሁ ለጥፉና በዚያ በኩል እንደዚያው ጫን በሉ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለራሳችሁ መልሱ፤ አትቸኩሉ። አጠገባችሁ ያለው ሰው "ምን እያደረጋችሁ ነው?" ብሎ ከጠየቀ ደግሞ አታስረዱት። እጁን ያዙና አስነኩት።